አባዬ መኪና የሚያስነሳበት ጆሮ

አባዬ መኪና ያስነሳል። ቀለምም ጎማም አይነካም። አልነሳም ያለች መኪና ግን ተገፍታም ተጎትታም ግቢያችን ትገባለች። ብትገባም ኮፈኗ ቶሎ አይከፈትም። መጀመሪያ እማዬ እጇን በሽርጧ ጠርጋ መሪው ጋ ትቀመጣለች። አባዬ ከፊት ቆሞ "አዙሪ!" ይላል፤ ቁልፉ ሲዞር መኪናዋ የምታሰማውን ድምፅ ሰምቶ ሕመሟን ይናገራል። ስሙ የወጣው በጆሮው ነው።

ጆሮው ግን ከከዳው ቆየ። ጮክ ብለው ሲያወሩት ይሰማል፤ ደቃቁ ድምፅ ነው የሚያመልጠው። ጎረቤት ሰላም ብሎት ካልመለሰ "ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ" ብሎ ያኮርፋል። እሱም አይሰማም ከሚባል ኩሩ መባልን ይመርጣል።

ባለፈው እማዬ የታመመች እህቷን ልትጠይቅ ስትወጣ በር ላይ ያዘችኝ።

"ሰው ከመጣ ቁልፉን አንቺ ታዞሪያለሽ። አንዴ ቀጭ ካለ አንድ ጣት ቀስሪ። ቀጭ ቀጭ ቀጭ ካለ መዳፍሽን ዘርጊ። ምንም ካላለ ጡጫ። በመስታወቱ ያይሻል።"

"አባዬ ነው እንዲህ አድርጊ ያለሽ?"

"ማንም ምንም አላለም። አንቺም ስለ ጆሮው ትንፍሽ እንዳትዪ።"

እሷ ከመውጣቷ አንድ አስተማሪ መኪናውን በሰው እያስገፋ ከች አለ። ተቀመጥኩ።

"አዙሪ!" አለ አባዬ።

ቀጭ ቀጭ ቀጭ አለች። እኔ ቀልቃላዋ አንድ ጣት ቀሰርኩ።

"ሞተሪኖዋ ናት" አለና ከሥር ገብቶ ሞተሩን የምታስነሳዋን ሞተሪኖ በመዶሻ መታ መታ አደረጋት። ደግሜ አዞርኩ፤ ያው ቀጭ ቀጭ ቀጭ። ጣት ይሁን መዳፍ ጨርሶ ተምታታብኝ፣ እንዳልጠይቀው ደግሞ እማዬ ትንፍሽ እንዳትዪ ብላኛለች። አሁንም አንድ ጣት። ሞተሪኖዋን ሊፈታ ተያያዘው፤ ላብ አጠመቀው።

አስተማሪው ሰዓቱን አየ። "ጋሼ፣ ካልሆነልዎት ሌላ ጋ ላስጎትታት?"

ድምፁ ከፍ ያለ ስለነበር አባዬ ይህን ሰማ። "ካልሆነልዎት" የሚል ሰው በዚያ ግቢ ቆሞ አያውቅም። ሙያው በእኔ ጣት ምክንያት ሲዋረድ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አባዬ መፍቻውን አስቀምጦ ወደ መስኮቱ መጣ። ይጮኽብኛል ብዬ ተሸማቀቅሁ። ጎንበስ አለና አስተማሪው እየሰማ፣

"ልጄ፣ እኔ አይሰማኝም። ምን እንደምትል ንገሪኝ" አለ።

"ቀጭ ቀጭ ቀጭ ነው የምትለው፣ አባዬ" አልኩት።

"ወይ አንቺ ልጅ! ታዲያ ጣትሽን ምን አስቀሰረው? ባትሪው እኮ ነው!" ብሎ ሳቀ። የባትሪውን ማሰሪያዎች ፈታ፣ የተጋገረባቸውን ነጭ ዝገት ፋቀና መልሶ አጠበቃቸው። አንዴ ባዞር ተነሳች። አስተማሪው አመስግኖ ሄደ፤ አባዬም እያፏጨ እጁን ሊታጠብ ገባ።

ከሰዓት በኋላ እማዬ ደወለች።

"ሰው መጣ? አሳጣሽው እንዴ?"

"እሱ ራሱ አይሰማኝም አለኝ።"

"ራሱ?" አለች። "አዎ፣ ራሱ" አልኩ።

"ይገርማል" አለች። "ለእኔ እኮ አንድ ቀን እንኳን ብሎኝ አያውቅም።"