የኸሊዳ ሙቅ ጨርቅ

የኸሊዳን ፉል ያልቀመሰ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ካለ፣ ወይ አዲስ ነው ወይ ውሸታም። ከወሎ መጥታ በአንድ ድስት የጀመረችውን የሎጊያ ቁርስ ቤት ያስከበረችው በእጇ ሙያና በምላሷ ነው። ሊዘጋባት የደረሰው ግን በገዛ ዓይኗ ሰበብ ነበር።

የዓይኗ ቆብ ጠርዝ ቀላ፣ አበጠ። ጠዋት ስትነሳ ሽፋሽፍቷ ተጣብቆ፣ ሥሩ ፎረፎር የመሰለ ቅርፊት ይዞ ታገኘዋለች። ደንበኛ እንዳያይባት ኩሏን አወፍራ ተኳለች፤ ባሰባት። አለባቸው የሚባል፣ አፉ ከመኪናው ጡሩምባ የሚብስ ሾፌር፣ አንድ ቀን ሳህኑን ገፋ አደረገና "ኧረ ሰዎች፣ ይሄ ነገር ይጋባል!" ብሎ ወጣ። ወሬ እንደሆነ ሎጊያ ላይ ከተሳቢ ቀድሞ ይደርሳል። ወንበሮቹ ባዶ ቀሩ። ኸሊዳን ከሕመሙ ይልቅ ውርደቱ አንገበገባት።

ሰመራ ወርዳ ለዓይን ነርሷ ለሲስተር ሉሊት ታየች።

"ፊትዎን በደንብ ይታጠባሉ?" አለቻት ሉሊት ቆቡን ገለጥ አድርጋ እያየች።

"ምን ማለትሽ ነው ልጄ! በቀን አምስቴ ውዱእ የማደርግ ሰው!"

ሉሊት ሳቀች። "እሱማ ፊትዎን ነው እናቴ። የሽፋሽፍቱ ሥር ያለውን ቅባትና ቅርፊት በላዩ የሚያልፍ ውሃ አያስለቅቀውም። ንጹሕ ጨርቅ በሙቅ ውሃ ይንከሩ፤ እንዳያቃጥል በእጅዎ ጀርባ ይሞክሩት። ከዚያ ዓይንዎን ጨፍነው ለጥቂት ደቂቃ ያሳርፉበት። ሲለሰልስ ቆቡን ቀስ አድርገው ይሹ፤ በውሃ በቀጠነ የሕፃናት ሻምፖ ሥሩን ይጥረጉ። ኩሉ ይቅርብዎ። ደግሞ ይሄ አይጋባም።"

ኸሊዳ ያቺን የመጨረሻዋን ቃል እንደ ስንቅ ይዛ ተመለሰች።

ተሻላት። ዳንኩ ብላ ጨርቁን ረሳችው፤ ለኢድ ዓይኗ እንደገና በርበሬ መሰለ። ተናደደች፣ ነርሷንም ረገመች። በማግስቱ ንጋት ላይ የውዱእ ማንቆርቆሪያዋን አንስታ ግን በራሷ ሳቀች። "የትናንቱ የሱብሒ ሶላት ለዛሬ ይበቃኛል እንዴ?" አለች። ጨርቁን ከማንቆርቆሪያው ጎን ሰቀለችው። ከዚያ ወዲያ መጀመሪያ ጨርቁ፣ ቀጥሎ ውዱእ፣ ከዚያ ሶላት ሆነ። ሕመሙ እንዳያንሰራራ ጠዋት ጠዋት ትቀድመዋለች። ዓይኗ ጠራ፤ ወንበሩም ሞላ።

አንድ ጠዋት አለባቸው ጥቁር መነጽር አድርጎ በሩ ላይ ቆመ። ሲያወልቀው የዓይኑ ቆብ ቀልቶ፣ ሽፋሽፍቱ ተጣብቋል። ሾፌሮቹ ሁሉ ዞረው አዩት።

"ስንት ወር ደጄን ሳትረግጥ፣" አለች ኸሊዳ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ "ከማን ተጋባብህ?"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አለባቸው አንገቱን ደፋ። "በድዬሻለሁ እናቴ፣ ይቅር በይኝ።"

ቂም ይዞ ጸሎት አይሆንም። መሀል ወንበር ላይ አስቀመጠችውና ሌላ ንጹሕ ጨርቅ በሙቅ ውሃ ነክራ ዓይኑ ላይ አሳረፈችለት።

"ነገ ሰመራ ሄደህ ሲስተር ሉሊትን ታያታለህ። አሁን ጨፍን። አፍህንም!"

ያ ሁሉ ሾፌር እያየው፣ አለባቸው ሎጊያን ካወቀ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ኸሊዳ ፉሉን ፊቱ አደረገችለት።