ዳግም የማይታተመው ፎቶ

ሰው በግ ይገዛል፣ መሬት ይገዛል፤ እኔ ፎቶ እገዛለሁ። ሐይቅ ከተማ ውስጥ በዚህ ያልሳቀብኝ የለም። ይሳቁ! ከሞባይል መሸጫዬ የማገኛትን እየቋጠርኩ፣ በፋሽንና በፖርትሬት ስሙ የገነነ የአንድ ፎቶ አንሺ ሥራዎችን አዲስ አበባ ድረስ እየሄድኩ እሰበስባለሁ። ሰውዬው ከአንድ ፎቶ ጥቂት ቅጂ ብቻ ያትማል። በእርሳስ የቅጂውን ቁጥር ይጽፍበታል፣ ይፈርማል፣ ከዚያ በቃ፣ ዳግም አያትመውም።

ከሁሉ የምሳሳለት ያገሬን ልጅ ፎቶ ነው። ፎቶ አንሺው ሞዴሎቹን ይዞ ሐይቁ ዳር የመጣ ጊዜ እነሱን ትቶ፣ ዓሣ ልትገዛ የቆመችውን የጎረቤቴን ልጅ አነሳት። ሻሿ ሸሸት ብሎ ከቅንድቧ በላይ ያለችው ጠባሳ ሳትቀር ትታያለች። በዓመቱ ልጅቷ በጅቡቲ አድርጋ ሳዑዲ ልትገባ ተነሳች። ከዚያ ወዲህ ስልኳ አይሠራም።

ሌላው ፎቶዋ ሁሉ ያው ስልኳ ውስጥ ስለነበር፣ ለእናቷ የቀረላት እኔ ግድግዳ ላይ ያለው ብቻ ነው። ጁምዓ ጁምዓ ልታየው ትመጣለች። እኔ መጋረጃ እዘጋለሁ፣ እሷ ትቆጣለች።

«ልጄን ምነው ጨለማ ውስጥ አስቀመጥካት?»

«ፀሐይ ቀለሙን ይበላዋል፣ እታለም። ከተበላሸ ደግሞ ዳግም አይታተምም።»

ፊቷ ልውጥ አለ። «አይታተምም? ልጄ በሕይወት እያለች? አዑዙቢላህ! ምን ያሟርታል ይሄ ሰውዬ!»

ሳቅኩ። የሥራው ደንብ ነው ብዬ ላስረዳት ብሞክርም አልሰማችኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ያቺ በእርሳስ የተጻፈች ቁጥር አስጠላችኝ።

ባለፈው ጁምዓ ረፋድ ላይ የሰፈራችን ሽማግሌ አንድ ከሲታ ወጣት አስከትለው ቤቴ ገቡ። ከየመን የተመለሰ ነው አሉኝ።

«ባሕሩ ላይ ከሰመጡት አንዷ የሐይቅ ልጅ ነበረች ይላል» አሉ ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ስሟን አያውቅም፤ መንገድ ላይ ሁሉም ስሙን ይቀይራል። መርዶ ደግሞ በግምት አይነገርም። እስቲ ፎቶውን አሳየው።»

የሌላ እናት ልጅ ትሁን ብዬ ተመኘሁ፤ አስተግፊሩላህ። ከዚያ መጋረጃውን ገለጥኩት። ፀሐዩ ፊቷ ላይ አረፈ። ወጣቱ ጠጋ ብሎ ብዙ አያት። ጣቱን ወደ ጠባሳዋ ዘረጋና ሳይነካት መለሰው።

«እህ?» አሉት ሽማግሌው።

«መጋረጃውን ዝጉት» አለ።

ልዘጋው ስዞር፣ በመስኮቱ እናትየዋን አየኋት። ግቢውን አልፋ ደጄ ደርሳለች፤ ፊቷ በርቷል። እጄ መጋረጃው ላይ ቀረ።

«አልሐምዱሊላህ!» አለች እየሳቀች። «ዛሬስ ልጄን ፀሐይ አሳየሃት!»