እሳቱ ዙሪያውን የሆነበት አገር

ሆሳዕና ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ታናሽ ወንድሜ ለትምህርት ጃፓን ሄዶ እዚያው ሥራ ይዞ ከቀረ ወዲህ፣ ፓስፊክ ውቅያኖስን የከበበው “የእሳት ቀለበት” የሚባለው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ድምፄ ይቀየራል። ተማሪዎቼም ነቅተውብኛል። “ቲቸር እሱ ጋ ደረሰች” እየተባባሉ ይጠቃቀሳሉ። ቆይ ብቻ!

እናታችን የምትኖረው ሆመቾ አጠገብ፣ እንሰቷ መሃል ነው። ልጇ ያለበት አገር መሬቱ እንደሚንቀጠቀጥ ከሬዲዮ ሰምታ “እስቲ አስረጂኝ” ብላ ያዘችኝ። እኔም በሀዲይኛ እንደምንም ብዬ፣ የምድር ቅርፊት አንድ ወጥ እንዳልሆነ፣ እየተገፋፋ አንዱ ከሌላው ሥር እንደሚገባ፣ በዚያ ውቅያኖስ ዳር ዳሩን እሳተ ገሞራ እንደተደረደረ ነገርኳት። ምድጃዋን አየት አደረገችና፣ “እኛ ቤት እሳቱ መሃል ነው፤ ሰው ነው ዙሪያውን የሚቀመጠው። እነሱ ዘንድ እሳቱ ዙሪያውን፣ መሃሉ ውሃ! ታዲያ ልጄ የት ነው የሚቀመጠው?” አለች። 

ከዚያ ወዲያ እዚያ ተንቀጠቀጠ በተባለ ቁጥር እንደውላለን። እሱ ይስቃል። “ኧረ ለምደነዋል፣ መደርደሪያው ነው የተነቃነቀው” ይልና ሥራ አለብኝ ብሎ ይዘጋዋል። ራሱ አስቦ መደወል የሚባል ነገር ግን ትቷል። በያሆዴ፣ በአዲስ ዓመታችን እንኳ፣ እናቴ ለሱ ብላ ያስቀመጠችው አታካና የሚባለው የቡላ ምግብ ቅቤው ረግቶበት አደረ። ተናደድኩ። ከመናደዴ በላይ ግን ናፈቀኝ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እሷ ዘንድ ሳለሁ መሬቱ ከእግራችን ሥር ነካ አደረገን። ስምጥ ሸለቆው እኛንም አልተወንም። ብርጭቆዎቹ ተንገጫገጩ፣ ላሟ ጮኸች፣ አለፈ። ወሬው እንዴት እንደደረሰው እንጃ፣ ከቀትር በፊት ደወለ።

“እማዬ ደህና ናት? ደግሞ ከመጣ ጠረጴዛ ሥር ግቡ!”

እናቴ ስልኩን ነጠቀችኝ። “የምን ጠረጴዛ? የሣር ቤት ቢወድቅብኝ ምን ያደርገኛል?” ብላ ሳቀች፤ ሳቁ ሳያልቅ አለቀሰች። እሱም አለቀሰ። ስለ እንሰቱ፣ ስለ ላሟ፣ ስለ ጎረቤቱ ሁሉ ጠየቃት። ባትሪዬ እስኪያልቅ አወሩ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ጠፍቷል። መሬቱም ዝም ብሏል። ባለፈው ልጠይቃት ስሄድ ጫማዋን አውልቃ፣ ባዶ እግሯን መሬት ላይ አሳርፋ ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች።

“ምነው እማዬ?”

“አንቺ አስተማሪ አይደለሽ? የኛ መሬት ደግሞ መቼ ነው የምትነቃነቀው?”

“እሱን ማንም አያውቅም።”

“ሰው አትጉዳ እንጂ፣ ትንሽ ነካ ብታደርገን ምን አለበት?”

አደጋውን ለልጆች የማስተምረው እኔ፣ ልቆጣት አፌን ከፍቼ፣ “አሜን” አልኩ።