አንድ ወንበር ወደ ኋላ

እኔ በደንቡ ትምህርት ቤት የገባሁ ሰው አይደለሁም። ቢሆንም አንደኛ ክፍል ተቀምጫለሁ፤ ያውም ከነእንዝርቴ። ዘመኑ የደርግ ነው። ከጋሞ ደጋ ወርደን ቆላው ከተማ፣ ሲቀላ፣ ጎጆ ከቀለስን ብዙም አልቆየንም። የመጨረሻዋ ልጄ ከጋሞኛ ሌላ ቋንቋ፣ ከእኔ ቀሚስ ሌላ መሸሸጊያ አታውቅም ነበር።

ትምህርት ቤት ያስገባኋት ዕለት እሪ ስትል ዋለች። በማግስቱ ዝም ስላለች ደስ ብሎኝ ገበያ ወረድኩ። ለካስ እሷ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ እኔን ፍለጋ ወጥታለች። ጎረቤቱ ሁሉ ሲዞር ውሎ፣ ምዕራብ ዓባያ ሊሄድ ሞተሩን ካስነሳ አውቶቡስ ውስጥ፣ ከጆንያ መሃል ተኝታ ተገኘች። ረዳቱ "የማናት ይቺ? ይዘናት ልንሄድ ነበር እኮ!" እያለ ሲያወርዳት ከእጁ ነጥቄ አቀፍኳት።

ዲሬክተሩ ተቆጣ። "ደግማ ከጠፋች ስሟ ይሰረዛል። የሰው ልጅ ጠፍቶ እኔ አልጠየቅም" አለ። እውነቱን ነው፣ ምን ይበል። ልጆቹ እትዬ የሚሏት አስተማሪዋ ግን፣ ከሸዋ የመጣች ቀጭን ልጅ ነበረች፣ ወደ ጎን ወሰደችኝ።

"እስክትለምድ አብረዋት ይቀመጡ።"

"እዚያ ቁጭ ብዬ ምን እሠራለሁ?"

"ቤትዎ ምን ይሠሩ ነበር?"

"እፈትላለሁ።"

"እንግዲያው ይፍተሉ።"

እንዲህ ሆኖ ገባሁ።

ጠዋት ባንዲራ ተሰቅሎ፣ ተዘምሮ ስንገባ እትዬ በወንበሮቹ መሃል ታልፋለች። "እጅ!" ስትል ሁሉም ይዘረጋል። ጥፍር ታያለች፣ ፀጉር ትገልጣለች፣ መሐረብ ትጠይቃለች። አንዴ እኔም ሳላስበው እጄን ዘረጋሁ። ልጆቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም፤ ጣቶቼን አገላብጣ አየችና "ንጹህ" ብላ አለፈች። ማታ ለባሌ ነገርኩት።

"ከቀበሌ ሱቅ ሳሙና ከጠፋ ስንት ጊዜው! በምን ታጥበሽ ነው?" አለኝ።

"በእንዶድ።"

"ይህንንም ለእትዬሽ ንገሪያት" ብሎ ሳቀብኝ።

ከመውጣታችን በፊት ደግሞ ማሳሰቢያ አለ። ነገ ለሰሌዳው ማጥቆሪያ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ አምጡ። ውሃ ተፈልቶ ይጠጣ። ሐይቅ ዳር ብቻችሁን እንዳትወርዱ፣ አዞ አለ። በመጨረሻ ወደ እኔ ትዞራለች፦ "እርስዎም፣ ነገ አንድ ወንበር ወደ ኋላ።"

ይኼ ነበር መላዋ። ቀስ በቀስ ከልጄ እርቃለሁ። መጀመሪያ ስታለቅስብኝ የፈተልኩትን ክር ጫፍ ጣቷ ላይ አሰርኩላት። ክሩ በወንበሮቹ ስር ለስር አልፎ እኔ ዘንድ ይመጣል። ሳብ ታደርጋለች፤ እኔም ሳብ አደርጋለሁ። አለሁ ማለቴ ነው። መሃል የተቀመጡት ልጆች ክሩን እንዳይረግጡ እግራቸውን ያነሳሉ።

"እማማ፣ ዓሣ ነው እንዴ የሚያጠምዱት?" ትለኛለች አንዷ ወሬኛ።

የመጨረሻው ወንበር መስኮቱ ሥር ነበር። ትምህርት ቤቱ ወደ ላይኛው ሰፈር፣ ወደ ሴቻ፣ በሚወጣው ዳገት ጎን ስለሆነ፣ ከዛፎቹ አናት ባሻገር የዓባያ ቡናማ ውሃ እንደ ተሰጣ ጨርቅ ተዘርግቶ ይታየኛል። ሙቀቱ ረፋዱ ላይ ይገባል። ልጆቹ "በ ቡ ቢ ባ" ሲሉ ድምፃቸው አንድ ይሆናል፤ ይነሳል፣ ይወድቃል፣ እንዝርቴም አብሮ ይሾራል። ፊደሎቹ ከሰሌዳው ወርደው ጥጡ ውስጥ የሚገቡ፣ ከዚያም ቀጥነው በጣቶቼ መሃል የሚወጡ ይመስለኛል። ማን እንደሚያነብ ማን እንደሚፈትል ይጠፋኛል። ዛሬም እንቅልፍ ሸለብ ሊያደርገኝ ሲል ያ ድምፅ ይመጣብኛል።

አንድ ቀን እንዲሁ እንዳለሁ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። ስነቃ ክሩ ላልቷል። ሳብኩት፤ ምንም ሳይከብደኝ መጣ። ቀና ስል የልጄ ቦታ ባዶ ነው። አውቶቡሱ ታየኝ፣ አዞው ታየኝ። ጥጤን በትኜ ብድግ አልኩ።

"ልጄን! ልጄን!" በጋሞኛ ነው የጮህኩት።

"እትዬ፣ እማማ ቃዡ!" አለች ያቺው ወሬኛ።

ልጄ ሰሌዳው ፊት ቆማ ነበር። ጠመኔ ይዛ፣ በእግሯ ጣቶች ተንጠራርታ "ባ"ን እየጻፈች። ክሩን ራሷ ፈትታዋለች። ዞራ ስታየኝ የፈራች መስሎኝ ነበር፤ አይደለም፣ አፍራብኝ ነው።

"እየጻፍኩ እኮ ነው" አለችኝ ቀስ ብላ። ተመልሳም ጨረሰችው።

ያን ዕለት እትዬ ማሳሰቢያዋን ጨርሳ ወደ እኔ ስትዞር ከኋላዬ ወንበር የለም፤ ግድግዳ ነው።

"እርስዎም፣ ነገ ቤትዎ ይዋሉ።"

"ገና 'በ' ላይ ነን እኮ!" አልኳት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔ የምሬን ነበር።

በማግስቱ እስከ በሩ ሸኘኋት። ገባች፤ ዞር ብላም አላየችኝ። እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ።

"ምነው ዛሬ? ተባረሩ እንዴ?" አለኝ ዘበኛው።

"አልፌ ነው" አልኩት።

እግሬ ወደ ገበያው ወሰደኝ። እጄ ባዶ ሲሆን የምሄድበት ጠፋኝ። አንድ ሻይ ቤት በር ላይ የተጻፈውን ቀና ብዬ ሳይ "ሻ"ን አወቅኳት፣ "ቤ"ንም አወቅኳት። የቀሩትን ገና አልደረስንባቸውም። እነሱን በኋላ በመሠረተ ትምህርት ለቃቀምኳቸው። ያን ጊዜ ግን አፌን ከፍቼ ቆሜያለሁ።

"እሜቴ፣ ይግቡ ወይ መንገድ ይልቀቁ!" አለኝ ባለሻዩ።

ሲለቀቁ ትምህርት ቤቱ ደጅ ጠበቅኳት። በሁለት ልጆች መሃል ሆና ወጣች፤ አማርኛዋ እየተሰባበረም ቢሆን ታወራለች። አልጠራኋትም። ከኋላ ከኋላ ተከተልኳቸው። ከሁለቱ አንዷ ከሌላ ክፍል ናት፤ አታውቀኝም። ደጋግማ ዞራ አየችኝና፣

"ማናቸው የሚከተሉን?" አለቻት።

"እናቴ ናት" አለች ልጄ፣ መንገዷን ሳታቆም። "እኛ ክፍል ነበረች።"