ወረቀቱ የማያውቃት ግንበኛ

ኦርፋ ዳኒንግ ባሏ በተቀበረ በዘጠነኛው ቀን የሥራ ሱሪዋን አጥልቃ የሚስስ ፊንች ጣሪያ ላይ ወጣች። በመንገዱ የሚያልፉ ሰዎች ቀና እያሉ አዩዋት። "የሟች አፈር እንኳ ሳይደርቅ!" ያለም አልጠፋም። እሷ ግን ወሬ የምትሰማበት ጆሮ አልነበራትም። የአሮጊቷ የጭስ ማውጫ እስከ ወገቡ ፈርሶ፣ ግማሹ ተገንብቶ፣ ግማሹ በሸራ ተሸፍኖ ቆሟል። የሚያዝያ ዝናብ ደግሞ ሐዘንተኛ ናት ብሎ አይጠብቅም።

ሥራውን የጀመሩት ከባሏ ከሌስተር ጋር ነበር። ጀመሩት ይባል እንጂ፣ ሌስተር መሰላል ከወጣ ስድስት ዓመት አልፎት ነበር። አርባ ዓመት ጡብ ሲቆርጥ የማገው አቧራ ሳንባውን በልቶት፣ ሦስት ደረጃ ከወጣ እንደ ወናፍ ያፏጭ ነበር። ስለዚህ እሱ ታች ሆኖ ኖራና አሸዋ እያቦካ በባልዲ ይልካል፤ እሷ ላይ ሆና ትገነባለች። የፒክአፑ በር ላይ ግን "ሌስተር ዳኒንግ፣ ግንበኛ" የሚል ተጽፏል። የማዘጋጃ ቤቱ የሙያ ፈቃድም በእሱ ስም ነው።

"ያንቺንም ስም እናስገባው እንጂ" ይላት ነበር አንዳንዴ።

"ምን ሊያደርግልኝ? ጡቡ እንደሆነ ማንበብ አይችል" ትለዋለች። እንዲህ እየተባባሉ ሃያ ስድስት ዓመት አለፈ።

የዚያን ዕለት እኩለ ቀን ላይ የከተማው የሕንፃ ተቆጣጣሪ ዌንደል ክሩዝ መኪናውን አቁሞ ወረደ። ክሩዝ ክፉ ሰው አይደለም፤ የሌስተርን የሬሳ ሳጥን ከተሸከሙት አንዱ ነበር። ኮፍያውን አውልቆ በእጁ እያሽከረከረ ወደ ላይ ጮኸ።

"ሚስስ ዳኒንግ፣ እባክዎ አንድ ጊዜ ይውረዱልኝ።"

"ከዚያው ተናገር ዌንደል፣ የኖራው ቡኮ ይደርቅብኛል።"

"ቢወርዱ ይሻላል።"

ወረደች። ሰውየው ቀይ ወረቀት ይዟል።

"የሥራው ፈቃድ በሌስተር ስም ነው" አለ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። "የሙያ ፈቃዱም የእሱ ነው። ባለቤቱ ሲሞት አብሮት ይሞታል። ደንቡ የሚለው እንዲህ ነው።"

"ይህንን ማን የገነባው መሰለህ?"

"እርስዎ ነዎት። እኔም አውቃለሁ፣ ከተማውም ያውቃል። ወረቀቱ ግን አያውቅዎትም።"

ከዚያ ቀዩን ወረቀት በሩ ላይ ለጠፈ። መሄድም ስላልሆነለት ጣሪያው ላይ ወጥቶ ሸራውን አብሯት አሰረ።

በማግስቱ ኦርፋ ወደ ክፍለ ግዛቱ ዋና ከተማ ደወለች። አንዲት ድምፀ ለስላሳ ሴት "እመቤቴ፣ ሚዙሪ ለግንበኛ ፈቃድ አትሰጥም፤ የከተሞች ጉዳይ ነው። የራስዎን ማዘጋጃ ቤት ይጠይቁ" አለቻት። ፀጉር ለሚቆርጥ ሰው ደንብ ያለው ክፍለ ግዛት፣ ሰው ጭንቅላት ላይ ጡብ ለሚቆልል አንድም የለውም። እያንዳንዱ ከተማ የየራሱን ያወጣል። የኦርፋ ከተማ ሃርሞን ፈተና፣ የአምስት ዓመት ልምድ፣ ዋስትና፣ ደግሞም በዚያው በሃርሞን ፈቃድ ካላቸው ግንበኞች የሁለቱን የምስክርነት ደብዳቤ ይጠይቃል። ከላይን ጎዳና ማዶ ያለችው ቴልፎርድ ግን ስምሽን መዝገብ ላይ አስፍሪና ሥሪ ነው የምትለው። ጎዳናው ቢበዛ ዐሥራ አምስት እርምጃ ነው። ኦርፋ በአንደኛው ዳር ግንበኛ፣ በሌላኛው ዳር ሕገ ወጥ ሆነች።

ማዘጋጃ ቤት ስትሄድ የፈቃድ ክፍሏ ዳርሊን መነጽሯን ከፍ አድርጋ ቅጹን አገላበጠች።

"ልምድዎን የሚያሳይ ሰነድ? የደሞዝ ወረቀትም ቢሆን ይሆናል።"

"የምን ደሞዝ? ከባሌ?"

"ባይሆን የቀጠረዎት ሌላ ሰው…"

"ሃያ ስድስት ዓመት አብሬው ተኝቻለሁ፣ አብሬው ገንብቻለሁ። የመጀመሪያውን የሚመሰክር ወረቀት አለኝ። የሁለተኛው የለኝም።"

ዳርሊን ሳቋን ዋጥ አድርጋ የፈተናውን ቀን ጻፈችላት።

በሃርሞን ፈቃድ ያላቸው ግንበኞች አራት ብቻ ነበሩ። ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው፤ ከአንድ ትልቅ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ጋር ውለው ስለሚገቡ በሰው ጉዳይ መግባት አይወዱም። ሦስተኛው ኦቶ ሽሌገል የሚባሉ የሰማንያ አራት ዓመት ሽማግሌ ናቸው። ሥራ ካቆሙ ዐሥር ዓመት ቢሆናቸውም በየጥር ወር ፈቃዳቸውን ያድሳሉ።

"የምሞተው ግንበኛ ሆኜ ነው እንጂ ጡረተኛ ሆኜ አይደለም" አሏት፣ የሚንቀጠቀጥ እጃቸውን በሌላው እጃቸው ይዘው እየፈረሙ። "የባልሽን ግንብና ያንቺን ለይቼ አውቀዋለሁ። ያንቺ ቀጥ ያለ ነው። ለሱ ግን አልነገርኩትም።"

የቀረው ሃርላን ፕራት ነው። ፕራት ለሌስተር ለመሥራት ሲመጣ ጢሙ ገና በቅጡ አልበቀለም ነበር። አራት ዓመት ከማዕዷ በልቷል። ቱምቢ አያያዝ፣ ቅስት አጣጣል ያሳየችው እሷ ናት። አሁን የራሱ ሦስት መኪና አለው። ኦርፋ ጓሮው ድረስ ሄደች።

"አንድ ፊርማ ነው ሃርላን።"

"ምን ብዬ ልፈርም? ኖራ ስታቀብዪ አይቼሻለሁ። ስትገነቢ ግን…" ትከሻውን ነቀነቀ።

"የቤተ ክርስቲያኑን ቅስት ማን አሳየህ?"

"ሌስተር።"

"ሌስተር ያን ሳምንት ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ሾርባ ይዘህለት የሄድከው አንተ ነህ።"

ፕራት ጎማውን በጫማው መታ መታ አደረገ። "ስሚኝ ኦርፋ፣ ለምን ትደክሚያለሽ? ነይ እኔ ጋ ሥሪ፣ በኔ ፈቃድ። ደንቡም ይፈቅዳል።"

"ስትገነቢ አላየሁም ያልከኝ ሰው፣ ምን ልሠራልህ ነው የምትቀጥረኝ?"

ጥላው ወጣች።

ፈተናውን በሰኔ ተፈተነች። ከመቶ ዘጠና አንድ አመጣች። ከጥያቄዎቹ አንዱ "በመቶ ዓመት ጡብ ላይ ምን ዓይነት ቡኮ ትጠቀማለህ?" የሚል ነበር። ይህን ስታነብ ፈተና ሰጪው ድንገት ቀና ብሎ እስኪያያት ድረስ ሳቀች። ምክንያቱም በዚያው ሳምንት የሚስስ ፊንችን ጭስ ማውጫ ፕራት ተረክቦት ነበር። ሚስስ ፊንች ቤታቸው ላይን ጎዳና ዳር ነው። ኦርፋ ደግሞ ከጎዳናው ማዶ፣ ቴልፎርድ ውስጥ፣ የአንድ ጥርስ ሐኪም አጥር ትገነባ ነበር። ቀና ባለች ቁጥር ታየዋለች። ግራጫ የሲሚንቶ ከረጢት ሲወጣ አየች። ኖራ የለም። ዝም ልትል ሞከረች፤ አልሆነላትም።

"ሃርላን! ያ ጡብ ለስላሳ ነው፤ ሲሚንቶ አይወድም! የጠጣው ውሃ መውጫ ካጣ በውርጭ ፊቱ ይረግፋል!"

ፕራት ከጣሪያው ላይ ሆኖ እጁን አጨብጭቦ እሷን ለሠራተኞቹ አሳያቸው። "ስሙ ልጆች፣ ከውጭ አገር መምህር መጥታልናለች! እመቤቴ፣ እዚያው አገርሽ አስተምሪ፣ እዚህ ፈቃድ የለሽም!"

ሠራተኞቹ ሳቁ። ኦርፋ ወደ ጡቧ ተመለሰች። የዚያን ቀን የገነባችውን ረድፍ ማታ ላይ አየችውና ጠማማ ሆኖ አገኘችው። በሕይወቷ ጠማማ ረድፍ ትታ ሄዳ አታውቅምና አፍርሳ ደገመችው።

የመጀመሪያው የውርጭ ክረምት ጡቦቹን አልነካቸውም። በሁለተኛው ክረምት ቀይ ቅርፊት ጣሪያው ላይ ይረግፍ ጀመር። በመጋቢት አንድ ነፋሻ ቀን ከወገቡ በላይ ያለው እንዳለ ተገንድሶ የወጥ ቤቱን ጣሪያ በስቶ ገባ። ሚስስ ፊንች ድመታቸውን ሊጠሩ በረንዳ ላይ ወጥተው ነበር፤ ለሁለት ደቂቃ። ሲመለሱ የሚቀመጡባት ወንበር በጡብ ክምር ተቀብራለች።

ከተማው ተንጫጫ። ምክር ቤቱ ስብሰባ ጠራ። ኦርፋ ሰው ፊት ቆማ ተናግራ አታውቅም፤ ያን ዕለት ግን ከነሥራ ጫማዋ ተነሣች።

"የወደቀውን የሠራው ሰው ፈቃድ አለው። ይወድቃል ብዬ የጮኽኩት እኔ የለኝም። ፈተናችሁን አልፌያለሁ። የጎደለኝ የልምድ ወረቀትና የአንድ ሰው ደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤውን የሚጽፍልኝ ደግሞ ሥራዬን የወሰደው ሰው ነው። ይህን ነው የማልገባኝ… ይህ ነው ያልገባኝ" ብላ፣ ቃሉ ስለተምታታባት አፍራ ተቀመጠች።

አዳራሹ አጨበጨበላት። ከንቲባው ቆመው አመሰገኗት። ኦርፋ ያን ሌሊት ከሌስተር ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ጠግባ ተኛች።

በወሩ ውሳኔው ወጣ። ምክር ቤቱ "የነዋሪውን ደኅንነት ለመጠበቅ" ደንቡን አጠበቀው፤ የምስክር ደብዳቤው ከሁለት ወደ ሦስት ከፍ አለ። ፈቃድ ያላቸው ግን ባሉበት ይቀጥላሉ። ሽማግሌው ኦቶ ባለፈው መኸር፣ እንዳሉትም ግንበኛ ሆነው፣ አርፈዋል። ደብዳቤያቸውም በአዲሱ ደንብ ከአንድ ዓመት በላይ ስለማያገለግል ጊዜው አልፎበታል፤ እንግዲህ የቀሩት ሦስት ባለፈቃዶች ሁሉም ካልፈረሙላት አይሆንም።

ወዲያው ሚስስ ፊንች አስጠሯት። ሳሎን ውስጥ ሁለት ሹራብ ደርበው ተቀምጠዋል።

"መድን ድርጅቱ የሚከፍለው ፈቃድ ላለው ነው ይላል" አሏት። "እኔ ደግሞ ያንን ሰውዬ ጣሪያዬ ላይ ማየት አልፈልግም። ልጄ፣ አንቺ ካልሠራሽው ብርዱ ይግደለኝ።"

"እንዲህ አይበሉ።"

"ታዲያ ሥሪዋ!"

ኦርፋ ሦስት ቀን አሰበች። በአራተኛው ቀን ፕራት ጓሮ ሄደች። ፕራት ከዚያ ነገር ወዲህ ከስቷል፤ ሰው ሥራ አይሰጠውም፣ ገበያ መሐል ይጠቋቆሙበታል።

"በፈቃድህ እሠራዋለሁ" አለችው። "በራሴ ኖራ። አንተ ጣሪያው ላይ አትወጣም።"

"ወረቀቱ ላይ የሚሆነው የኔ ስም ነው።"

"ውሰደው።"

ዐሥራ አንድ ቀን ፈጀባት። አሮጌውን ጡብ አንድ በአንድ እየጠረበች፣ የዳነውን ለይታ፣ የጎደለውን ከፈረሰ ቤት ለቅማ ገነባችው። ሲያልቅ ክሩዝ ሊቆጣጠር መጣ። ውሃ ልኩን አስቀመጠ፣ መገጣጠሚያውን በጣቱ ዳሰሰ። "እንዲህ ያለ ሥራ ካየሁ ቆየሁ" አለ። ከዚያም ብዕሩን አውጥቶ "ግንበኛ፦ ሃርላን ፕራት" በሚለው መስመር ሥር ፈረመ። ቀና ብሎ ግን ሊያያት አልቻለም።

ፕራት የከፈላት በደሞዝ ወረቀት ነበርና ያንን ይዛ ዳርሊን ጋ ሄደች። ዳርሊን ኮምፒውተሯን ጎረጎረች።

"ደስ ይበልዎ፣ ተቆጥሮልዎታል። ዐሥራ አንድ ቀን።"

"ከአምስት ዓመት ላይ?"

"ከአምስት ዓመት ላይ።"

ኦርፋ መሳቅ ጀመረች። ሳቁ አልቆም ብሎ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ዳርሊን ውሃ አመጣችላት፤ ውሃውን ጠጥታ፣ አመስግና ወጣች።

በሚቀጥለው ሰኞ ፕራት ጋ ሥራ ገባች። ሰው ለምን ብሎ ቢጠይቃት "ቴልፎርድ ውስጥ ስንት አጥር አለ?" ትላለች። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ያደገችበት፣ ባሏ የተቀበረበት ከተማ ውስጥ አንድ ቀን በራሷ ስም ጡብ ማስቀመጥ ፈልጋ ነበር፤ ይህንን ለማንም አልተናገረችም። ሁለቱ ወንድማማቾች "ሃርላን ከፈረመ እኛም እንፈርማለን" ብለዋታል። ፕራትም ከነውርደቱ "አምስቱን ዓመት ጨርሺ እንጂ እፈርማለሁ" ብሎ ቃል ገባላት። እሷ ላይ ሆና ትገነባለች፤ እሱ ታች ሆኖ ከደንበኛ ጋር ይነጋገራል። ሥራው አማረ፣ ስሙም ተመለሰለት። "ፕራት ተሻሻለ" ይባላል።

ሦስት ዓመት እንዲህ ሄደ። ባለፈው ኅዳር፣ የትምህርት ቤቱን ግድግዳ ሲያድሱ፣ ፕራት ከመሰላሉ ሥር ሆኖ ጠራት።

"ኦርፋ፣ ላሳውቅሽ ብዬ ነው። ጉልበቴ እምቢ ብሏል። እህቴ ፍሎሪዳ ና እያለችኝ ነው። በጥር ፈቃዴን አላድስም።"

ኦርፋ የያዘችውን ጡብ አስቀመጠች። ወረደች። ደንቡን በቃሏ ታውቀዋለች፤ ፊርማው የሚሠራው ፈራሚው በዕለቱ ፈቃድ ካለው ብቻ ነው።

"ሁለት ዓመት ቀረኝ ሃርላን።"

"አውቃለሁ።"

"ፍሎሪዳ ሁን፤ ፈቃዱን ብቻ አድሰው።"

"ዋስትናው፣ መድኑ… ለማልሠራበት ነገር ምን አስጨነቀኝ?"

በሌስተር ቀብር ላይ ያላለቀሰች፣ ምክር ቤቱ ፊት ያልለመነች ሴት ናት። የኖራ ጓንቷን አወለቀች።

"እባክህ" አለችው።

ፕራት ወደ ግድግዳው አየ። ግድግዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ ነበር።

"እስቲ ላስብበት" አለ። ከዚያ ሰዓቱን አየና፣ ከምሳ በፊት ሁለት ረድፍ እንደሚቀር አስታወሳት። እሷም ጓንቷን መልሳ አጥልቃ ወጣች።