ያልሞተች ሴት ቀሚስ

እናቴ ታማ ሶዶ ከተማ እኔ ቤት በተኛችበት ክረምት ከባድ ብርድ ልብስ ደረቷን ይጫናት ነበር፤ ሲነሳላት ደግሞ ትንቀጠቀጣለች። ስለዚህ ቀለል ያለ ድሪቶ ልሠራላት ተነሳሁ። አሮጌ ቀሚሶቿን ከሳጥኗ አውጥቼ ቆራረጥኩና ገጣጠምኳቸው፤ ከሥር ስስ ጥጥ አነጠፍኩ። ከዚያ ጨርቁን የሚጎትተውን የስፌት መኪናዬን ጥርስ ዝቅ አድርጌ፣ በእጄ ብቻ እየመራሁ፣ ጥጡ እንዳይሰበሰብ ሁለመናውን በተጠማዘዘ ስፌት ሞላሁት። እጅ ከፔዳሉ ከቀደመ ስፌቱ ይሳሳል፤ ከዘገየ ክሩ ይቋጠራል። ያላማረኝን እየፈታሁ ደገምኩ።

ልትጠይቃት ከጉኑኖ የመጣችው አክስቴ ጥምዝምዙን አይታ፣ «የሰከረው መርፌው ነው ወይስ አንቺ?» አለችኝ። ሳቅን።

ድሪቶውን ለእናቴ ሳለብሳት ግን ጣቷ ሰማያዊ ቁራጭ ላይ ቆመ።

«ይቺ ቀሚሴ አይደለችም?»

«ናት እማዬ። ስለምትለሰልስ ነው።»

«የሰው ልብስ የሚከፋፈለው ባለቤቱ ሲቀበር ነው። እኔን መቼ ቀበራችሁኝ?»

አክስቴ መሬት መሬት አየች። እኔ ስለ ብርዱ እንጂ ስለዚህ አላሰብኩም ነበር።

«መልሺልኝ» አለች እናቴ።

እንዲህ ያለ ጥቅጥቅ ስፌት በደህና አይፈታም። ሰማያዊዎቹን ቁራጮች በምላጭ እያላቀቅሁ አወጣኋቸው፤ ጨርቁ በየቦታው ተበሳ። ድሪቶው ተበጣጥሶ ቀረ። ቁራጮቹን መልሼ ቀሚስ አድርጌ ሰፋሁና ከአክስቴ ጋር ደግፈን አለበስናት። በቀዳዳዎቹ ቆዳዋ ይታያል፤ ከንፈሯ በብርድ ጠቁሯል።

«ነጠላ ልደርብልሽ?» አልኳት።

«ተይው» አለችኝ። «ሊጠይቀኝ የሚመጣ ሰው ቀሚሴን ለብሼ ይየኝ።»