አጎቴ ማይኩን ያራቁበት ቀን

አጎቴ ካረፉ ወዲህ መርሳ ከተማ ያለችው የሙዚቃ መቅረጫ ክፍላችን ውስጥ ወንበራቸው ላይ የሚቀመጥ የለም። ጊታር ስንቀዳ ማይኩን ከጊታሩ ቀዳዳ ፊት ማድረግ አይወዱም ነበር። "እዚያ ድምፁ ይጎረንናል፤ ወደ አንገቱ አዙሪው" ይሉኝ ነበር።

በጦርነቱ ጊዜ ክፍሏ ተዘረፈች። ከሽሽት ስንመለስ የቀረን ይዘነው የሄድነው ጊታር፣ ላፕቶፕና አንድ ማይክ ብቻ ነበር። መብራትም አልነበረም። አጎቴ ግን "ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ዘፈን ይጠብቀው" አሉና ከጎረቤት ሹፌር የመኪና ባትሪ ተውሰው ላፕቶፑን አበሩት።

አምባሰል ልጫወት ስቀመጥ ፈርቼ ክሩን አጥብቄ ያዝኩት፤ ፍትጊያው ሁሉ ይሰማል። አጎቴ ማይኩን ትንሽ አራቁት፣ የሚቀዳውንም ድምፅ መጠን ቀነሱ።

"አሁን ፍርሃትሽን አይቀዳም፤ ተጫወቺ" አሉኝ። ተጫወትኩ።

ዘፈኑ ከስልክ ወደ ስልክ ተዛመተ። አንድ ቀን አብረን ወልድያ ሄደን ባጃጅ ብንሳፈር ሹፌሩ እሱኑ ከፍቶታል።

"አባባ፣ ይሰማዎታል? እንዲህ ጥርት ያለ ጊታር አዲስ አበባ ካልሆነ አይቀዳም" አላቸው።

አጎቴ ትከሻዬን ያዙ። "መርሳ ነው የተቀዳው፤ ተዘርፈን በተመለስን ማግስት" አሉት። "የተጫወተችውም ይቺ ልጄ ናት።"